ብርቁን ከማሳደዳችሁ በፊት ድንቢጧን ቁጠሩ፦ ለወፍ ምልከታ ክበብ አዲስ አባላት

ውድ ወጣቶች፣

ወደ ወፍ ምልከታ ክበብ አዲስ የሚገባ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ጥያቄ ይዞ ይመጣል። የትኛውን ባይኖኩላር ልግዛ? ብርቅ ወፍስ የት አገኛለሁ? የመጀመሪያው ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ወረድ ብዬ እመልሰዋለሁ። ሁለተኛው ግን ክበቡ ለምን እንደተቋቋመ ካለማወቅ የሚመጣ ነው። ብርቅ ወፍ ለማየት ክበብ አያስፈልግም፤ ትዕግሥትና ዕድል ይበቃል። ክበብ የሚያስፈልገው አንድ ሰው ብቻውን ለማይወጣው ሥራ ነው፤ ይኸውም ሁልጊዜ የምናያቸውን ወፎች በአንድ ዓይነት አሠራር፣ ሳያቋርጡ፣ ለዓመታት መቁጠር ነው።

እ.ኤ.አ. በ2019 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት፣ ሰሜን አሜሪካ ከ1970 ወዲህ ወደ 2.9 ቢሊዮን የሚጠጉ ወፎችን እንዳጣች አሳይቷል። ከዚህ ውስጥ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ጉድለት የመጣው ከ12 የወፍ ቤተሰቦች ብቻ ነው። ከእነዚህም መካከል ድንቢጥ መሰሎቹ ይገኛሉ፤ ሰው «እነዚህማ ሞልተዋል» ብሎ ቀና ሳይል የሚያልፋቸው ማለት ነው። ይህ ሊታወቅ የቻለው በጎ ፈቃደኞች ስለቆጠሩ ነው። ለጥናቱ ትልቁን መረጃ ካበረከቱት አንዱ በ1966 የወፍ ተመራማሪው ቻንድለር ሮቢንስ ያስጀመረው የመራቢያ ወቅት ቆጠራ ነው። አንድ የቆጠራ መስመር 39.4 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 50 ማቆሚያዎች አሉት። ቆጣሪው ፀሐይ ከመውጣቷ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ይጀምራል፤ በየማቆሚያው ለ3 ደቂቃ በ400 ሜትር ዙሪያ ያየውንና የሰማውን ይመዘግባል፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ሥራው አሰልቺ መሆኑን አልክድም። ሆኖም የዛሬው ቁጥር ከ1966ቱ ጋር ሊነጻጸር የሚችለው ደቂቃውም ርቀቱም ስላልተለወጠ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ባይኖኩላሩ። 8 በ42 የሚለውን ግዙ። ስምንቱ የማጉላት አቅሙ ነው፤ አርባ ሁለቱ ደግሞ የፊተኛው ሌንስ ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። 42ን ለ8 ስታካፍሉ 5.25 ይመጣል፤ ይህ ወደ ዓይናችሁ የሚገባው የብርሃን ክብ ስፋት ነው። በ10 በ42 ይኸው ክብ ወደ 4.2 ሚሊ ሜትር ይወርዳል፤ ጎህ ሲቀድና ጥላ በበዛበት ጫካ ልዩነቱ ይታወቃል። አሥሩ የእጅን መንቀጥቀጥም አብሮ ያጎላል፤ የሚያሳየው ቦታ ጠባብ ስለሆነም ጀማሪ ወፉን እስኪያገኘው ወፉ ሄዷል። ማጉላቱ የሚጨምርና የሚቀንስ «ዙም» ያላቸውን፣ ወይም 20 እና 30 እጥፍ ያጎላሉ ተብለው በርካሽ የሚሸጡትን አትግዙ። ምስላቸው ጨለም ያለ ነው፤ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ካልተገጠመላቸውም አይረጉም።

ባይኖኩላር ተገዝቶ ሳይስተካከል ሲቀር ጥፋቱ በዕቃው ይላከካል። ስለዚህ በቅደም ተከተል አስተካክሉት። መነጽር የማታደርጉ የዓይን ቆቦቹን አዙራችሁ ወደ ውጭ አውጧቸው፤ የምታደርጉ እንደገቡ ተዉአቸው። ሁለቱን በርሜሎች እያጠበባችሁና እያሰፋችሁ የሚታያችሁ አንድ ክብ ብቻ እስኪሆን አምጧቸው። ከዚያ 30 ሜትር ያህል ርቀት ላይ ጽሑፍ ያለበት ነገር ምረጡ። የቀኙን ሌንስ ከፊት በኩል በእጃችሁ ሸፍናችሁ፣ ሁለቱንም ዓይኖቻችሁን ሳትጨፍኑ፣ በመሐለኛው ጎማ ለግራ ዓይናችሁ ምስሉን አጥሩ። ቀጥሎ ግራውን ሸፍኑና መሐለኛውን ጎማ ፈጽሞ ሳትነኩ ለቀኝ ዓይን የተሠራውን ቀለበት አዙሩ፤ በብዙዎቹ ላይ ቀለበቱ የሚገኘው በቀኙ መመልከቻ ላይ ነው። ምስሉ ሲጠራ ቀለበቱ የቆመበትን ምልክት አስታውሱ። ባይኖኩላሩን ለሌላ ሰው ባዋሳችሁ ቁጥር ያ ምልክት ከቦታው ስለሚነቃነቅ መልሳችሁ ማየት አለባችሁ። ከተጠቀማችሁ በኋላ ራሳችሁን የሚያማችሁ ከሆነ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት ይህን ቀለበት ይሁን። ዕቃው ወድቆ ከሆነና አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ከታያችሁ ግን የውስጡ መስታወት ከመስመር ወጥቷል፤ ራሳችሁ አትፍቱት።

ሌንስ የሚጫረው በሜዳ ላይ ሳይሆን ሲጸዳ ነው። በሸሚዝ ጫፍ ስትወለውሉት በላዩ ያለው ደቃቅ አሸዋ ልባሱን ይፍቀዋል። መጀመሪያ አቧራውን በአየር መንፊያ አባሩ፣ ቀጥሎ በለስላሳ ብሩሽ ጥረጉ፣ በመጨረሻ ብቻ በሌንስ ጨርቅ በቀስታ አብሱት።

ወፉን በሌንስ ውስጥ ለማግኘት የሚበጀው ዘዴ አንድ ነው፦ ዓይናችሁን ከወፉ ሳትነቅሉ ባይኖኩላሩን ወደ ዓይናችሁ አምጡ። ጎንበስ ብላችሁ ባይኖኩላሩን አይታችሁ ቀና ካላችሁ ወፉ ከቅጠሉ ጋር ተመሳስሎ ይጠፋባችኋል። በየቀኑ ለጥቂት ደቂቃ በማይንቀሳቀስ የቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ተለማመዱት።

መለየት ላይ ጀማሪዎች በቀለም ይጀምራሉ፤ የስህተት ሁሉ ምንጭ እሱ ነው። ፀሐይ ከወፉ ጀርባ ከሆነች ሁሉም ወፍ ጥቁር ነው። የረጠበ ላባ ይጠቁራል፣ ያረጀ ላባ ይደበዝዛል፤ ጫጩትነቱን ገና የጨረሰ ወፍም ከእናት ከአባቱ ፈጽሞ የተለየ ልብስ ሊለብስ ይችላል። ስለዚህ በመጠን ጀምሩ፦ ከድንቢጥ ይበልጣል ወይስ ያንሳል? ከርግብስ? ከቁራስ? ብቻውን ሰማይ ላይ ያለ ወፍ መጠኑ እንደሚያሳስትም አትርሱ። ከዚያ ቅርጹን ተመልከቱ፤ ምንቃሩ አጭርና ወፍራም ከሆነ ፍሬ ፈልፋይ ነው፣ ቀጭንና ሹል ከሆነ ነፍሳት ለቃሚ ነው፣ ቆልመም ያለ ከሆነ ሥጋ በል ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ ምን እያደረገ እንዳለ እዩ፦ በግንድ ላይ ቀጥ ብሎ ይወጣል? ጭራውን ያርገበግባል? መሬት ላይ ይራመዳል ወይስ ይዘላል? ቀለም ከዚህ ሁሉ በኋላ ይምጣ፤ ሲመጣም የተወሰነ ቦታ ይዞ ይምጣ። «ቡናማ ነው» ማለት ምንም አይጠቅምም። «ከዓይኑ በላይ ነጭ ቅንድብ አለው፣ በክንፉ ላይ ሁለት ነጭ መስመር አለ፣ ሆዱ ንጹሕ ነው» ስትሉ ግን ጓደኛችሁ መጽሐፉን ገልጦ ሊረዳችሁ ይችላል።

ይህን ሁሉ መጽሐፍ ወይም ስልክ ሳትከፍቱ በማስታወሻ ላይ ጻፉት፤ ሥዕላችሁ የሕፃን ሥዕል ቢመስልም ሣሉት። ሥዕሉን በመጽሐፍ ካያችሁ በኋላ አእምሯችሁ ያላያችሁትን ያሟላላችኋል፤ «አዎ፣ ነጭ ቅንድብ ነበረው» ትላላችሁ፣ ባይኖረውም። ስልክ ላይ ያሉ ድምፅ ለይተው የወፉን ስም የሚናገሩ መተግበሪያዎችም እንዲሁ ናቸው። ሜርሊን የተባለው ድምፅ መለየት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው፤ ለጆሮ ማሠልጠኛነት ግሩም ነው። ግን የሌላውን ድምፅ የሚቀዳ ወፍ ያታልለዋል፣ ነፋስና የሰው ወሬም ያደናግሩታል። የሰጣችሁን ስም እንደ ጥቆማ ቁጠሩት፤ ወፉን ራሳችሁ ካላያችሁ ወይም ድምፁን ራሳችሁ ካላወቃችሁ አትመዝግቡት።

ስለ ቡድን ጉዞ ብዙ አልልም። ከ12 ሰው በላይ ከሆናችሁ ለሁለት ተከፈሉ። አንድ መሪ ከፊት፣ አንድ ሰው ከኋላ ይሁን፤ የኋለኛው የሚያስፈልገው ሰው እንዳይጠፋ ብቻ ሳይሆን የፊተኞቹ ያስነሡት ወፍ ወዴት እንደሄደ ለማየትም ነው። ፀሐይን ከጀርባችሁ አድርጉ። ወፍ ስትጠቁሙ ጣት አትቀስሩ፤ «ትልቁ ደረቅ ዛፍ፣ ከላይኛው ሹካ በስተቀኝ፣ ሁለት ክንድ ዝቅ ብሎ» በሉ።

ወደ ቆጠራው እንመለስ። ለክበብ የሚመቸው የነጥብ ቆጠራ ነው፤ ይኸውም በተመረጡ ቦታዎች ቆሞ መቁጠር ነው። ነጥቦቹን በካርታ አስቀድማችሁ ምረጡ፤ አንዱን ወፍ ሁለት ጊዜ እንዳትቆጥሩ በመካከላቸው ቢያንስ 250 ሜትር ይኑር። ነጥቡን ወፍ የበዛበት ቦታ ላይ አታድርጉ፤ ብዙ ክበቦች የሚሳሳቱት እዚህ ነው። ጥሩ ጥሩ ቦታ ብቻ ከተመረጠ የአካባቢው ቁጥር ሳይሆን የምርጫችሁ ቁጥር ይመዘገባል። ቦታው ላይ ስትደርሱ ወፎቹ እንዲረጋጉ 2 ደቂቃ ዝም ብላችሁ ቁሙ፤ ከዚያ ሰዓት ይዛችሁ 10 ደቂቃ ቁጠሩ። ከ50 ሜትር ውስጥ ያሉትንና ከዚያ ውጭ ያሉትን ለይታችሁ ጻፉ። በላያችሁ በርረው ያለፉትንም ለብቻ መዝግቡ፤ ቦታውን እየተጠቀሙበት ላይሆን ይችላል። አሥሩ ደቂቃ ካለቀ በኋላ የመጣ ወፍ፣ ንስርም ቢሆን፣ በዚያ ቆጠራ አይገባም። እዚህ ላይ ልባችሁ ይፈተናል።

ትልቅ መንጋ ሲመጣ አንድ በአንድ ለመቁጠር አትሞክሩ። አሥር ወፍ ቁጠሩና የያዘውን ስፋት በዓይናችሁ ያዙ፤ ያንን ስፋት በመንጋው ላይ እያሻገራችሁ በአሥር በአሥር ሂዱ። መንጋው በሺዎች ከሆነ መቶውን መለኪያ አድርጉ። የመንጋ መሐል ጥቅጥቅ ያለ፣ ጠርዙ የሳሳ ስለሆነ መለኪያውን ከጠርዙ ብቻ ከወሰዳችሁ ግምታችሁ በጣም ያንሳል፤ በጥቅሉም ሰው መንጋው በበዛ ቁጥር ወደ ማሳነስ ያዘነብላል። ቤት ውስጥ አንድ እፍኝ ጥራጥሬ ጠረጴዛ ላይ በትናችሁ በ5 ሰከንድ ገምቱ፣ ከዚያ ቆጥራችሁ አስተያዩ። ጥቂት ሳምንት ደጋግማችሁት ግምታችሁ ካልተሻሻለ ይገርመኛል። በመዝገቡ ላይም «ብዙ» ብላችሁ አትጻፉ። 300 የሚል ግምት ከ«ብዙ» ሺህ ጊዜ ይሻላል።

ማንኛውም ዝርዝር ቀን፣ የተጀመረበት ሰዓት፣ የፈጀው ጊዜ፣ የተሄደው ርቀትና የተመልካቾች ብዛት ሊኖረው ይገባል። እነዚህ ከሌሉት የአንድ ሰዓት አርባ ድንቢጥ ከአምስት ሰዓት አርባ ድንቢጥ ሊለይ አይችልም። እ.ኤ.አ. በ2002 የተጀመረው ኢበርድ የተባለው የመረጃ ቋት ዝርዝር ስትልኩ «መለየት የቻላችሁትን ሁሉ አስገብታችኋል?» ብሎ ይጠይቃል። አዎ ማለት የምትችሉት ድንቢጡንም ርግቡንም ካስገባችሁ ብቻ ነው። ያልተጻፈ ወፍ ያልነበረ ወፍ ተደርጎ የሚቆጠረው በእንዲህ ዓይነት ሙሉ ዝርዝር ላይ ነውና ደስ ያላችሁን ብቻ መርጣችሁ «ሙሉ» ካላችሁ ተመራማሪውን አሳስታችኋል። ያልለያችሁትን ደግሞ «ጭልፊት፣ ዝርያው ያልተለየ» ብላችሁ ጻፉ። እንዲህ የሚጽፍ አባል ደካማ የሚመስላቸው አሉ። እኔ ግን በዝርዝሩ ውስጥ አንድም ያልተለየ ወፍ የሌለውን ሰው ነው የምጠረጥረው።

የወፍ ድምፅ ከስልክ እያጫወቱ ወፍ መጥራት በመራቢያ ወቅት ጉዳት አለው። ወንዱ ተቀናቃኝ የመጣበት መስሎት ጫጩት መመገቡን ትቶ ለፀብ ይወጣል። ፎቶ ለማንሣት በጎጆ ላይ ያለ ቅርንጫፍ መቁረጥም ጎጆውን ለፀሐይና ለአዳኝ ማጋለጥ ነው። ወፉ ምግብ በምንቃሩ ይዞ ወደ ጎጆው ሳይገባ የሚዞር ከሆነ፣ ወይም እየደጋገመ የሚጮኽ ከሆነ፣ ቆማችሁበት ያለው ቦታ ስህተት ነው፤ ወዲያው ሂዱ። የጉጉትና የአዳኝ ወፎችን ጎጆ ትክክለኛ ቦታ በማኅበራዊ ሚዲያ አትለጥፉ። በወፍ እግር ላይ መለያ ቀለበት ማሰርም ያጓጓችኋል። ሃንስ ክርስቲያን ሞርተንሰን የተባለ ዴንማርካዊ መምህር እ.ኤ.አ. በ1899 በአሉሚኒየም ቀለበት ካስጀመረው ወዲህ ስለ ወፎች ጉዞ ብዙ ያስተማረ ሥራ ነው፤ ግን ሥልጠናና ፈቃድ ይጠይቃል፣ በመረብ የተያዘ ወፍ በልምድ አልባ እጅ ይሞታልና።

ሜዳ መውጣት የማትችሉበት ወር ሲሆን መስታወት ላይ ሥሩ። ወፍ በመስታወት ውስጥ የሚያየው የዛፍና የሰማይ ነጸብራቅ እውነተኛ ይመስለዋልና ይጋጫል። ክበቡ አንድ ሕንፃ መርጦ በየማለዳው፣ ጽዳት ሠራተኞች ሳይጠርጉ፣ በዙሪያው የወደቁትን ወፎች በየመስታወቱ ፊት ይመዝግብ። ከዚያ ብዙ የወደቀበትን መስታወት ከውጭ በኩል በየ5 ሴንቲ ሜትሩ በነጥብ ወይም በመስመር ምልክት አድርጉበት። የጭልፊት ቅርጽ ያለው አንድ ተለጣፊ መለጠፍ የተለመደ ነው፤ አይሠራም። ወፉ ተለጣፊውን አልፎ ባዶውን መስታወት ይመታል። ምልክቱን ከውስጥ መለጠፍም አይረዳም፣ ነጸብራቁ ከውጭ ነውና። ከለጠፋችሁ በኋላም ቆጠራውን እንዳታቆሙ፤ ለሕንፃው ባለቤት የምታሳዩት ማስረጃ የበፊቱና የበኋላው ቁጥር ነው።

በመጨረሻ ስለ መዝገቡ። የሜዳ ማስታወሻ በእርሳስ ይጻፍ፤ ቢረጥብ አይፈስም። ወደ ኮምፒዩተር የሚገለበጠው በዚያው ምሽት ነው፤ ሳምንት ከቆየ «7» ይሁን «1» የጻፋችሁት ራሳችሁም አትለዩትም። ዋናውን ወረቀት አትጣሉ። ስህተት ስታገኙ ላጲስ አትጠቀሙ፤ በአንድ መስመር ሰርዛችሁ ትክክለኛውን ከጎኑ ጻፉ፣ የታረመበትን ቀንና ያረመውን ሰው ስም ጨምሩ። የክበቡ መዝገብ በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ይቀመጥ፤ የነጥቦቹን ካርታና የአሠራሩን ጽሑፍ ከቁጥሮቹ ጋር አንድ ላይ አስቀምጡት፣ ምክንያቱም ቀጣዩ ቆጣሪ የት ቆሞ፣ ስንት ደቂቃ መቁጠር እንዳለበት የሚያውቀው ከዚያ ነው።