እንትፍ ብላ የምታድነው ሸረሪት

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። «ቤዝመንት ውስጥ ቢጫ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ያለባት ሸረሪት አገኘሁ። ጎረቤቴ መርዝ ትተፋለች አለችኝ። ልጆች አሉኝ፣ ልግደላት ወይ? አፏ ላይ የያዘችው ኳስስ ምንድን ነው?» ነው ያልሽው። አትግደያት። ለምን እንደሆነ ትንሽ ላስረዳሽ፣ ታገሺኝ።

እኔ ድሮ ደሴ ላይ ባዮሎጂ አስተምር ነበር። አሁን እንዳንቺው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነኝ። የልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ያለበት ክፍላችን ውስጥ ይህችን ዓይነት ሸረሪት ማየት ከጀመርኩ ሁለት ዓመት አልፎኛል። ቀን ስንጥቅ ውስጥ ትደበቃለች። ማታ ልብስ ላጥብ ስወርድ በባትሪ ፈልጌ አያታለሁ። የሳይንስ ስሟ ስኪቶደስ ቶራሲካ ነው።

ትንሽ ናት፤ አካሏ ቢበዛ 6 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። እግሮቿ ቀጫጭን ሆነው ጥቁር ቀለበት ቀለበት አላቸው። ከጎን እያት። ጭንቅላቷና ደረቷ አንድ ላይ ጉብ ብሎ ሆዷን ያክላል። ሌሎች ሸረሪቶች ከፊት እንዲህ አያብጡም። ጉብታው ውስጥ ሁለት ትልልቅ ዕጢዎች አሉ። የዕጢዎቹ የፊተኛው ክፍል መርዝ ያመነጫል፤ ሰፊው የኋለኛው ክፍል ደግሞ ሙጫ።

አንድ ማታ ቢንቢ ከማሽኑ በላይ ግድግዳው ላይ አረፈች። ሸረሪቷ ከጥግ ወጣች። አረማመዷ ቀርፋፋ ነው፣ የምታድን አትመስልም። የማየት አቅሟ ደካማ ስለሆነ ረጃጅም የፊት እግሮቿን እያነሳች አየሩን ትዳስሳለች። የአንድ ጣት ውፍረት የሚያህል ርቀት ሲቀራት ቆመች። ከዚያ ምንም ሲንቀሳቀስ አላየሁም። ቢንቢዋ ግን ልትነሳ ሞከረች፣ አቃታት። በአጉሊ መነጽር ሳያት ከግራና ከቀኝ በዚግዛግ ክር ከግድግዳው ጋር ተሰፍታለች። የልብስ ስፌት ማሽን የሰፋው ነው የሚመስለው። ሸረሪቷ ተጠግታ ነከሰቻት፣ ትንሽ ጠበቀች፣ ከግድግዳው ነቅላ ወሰደቻት።

ምንም ያላየሁት ትፋቱ በዓይን ስለማይታይ ነው። ተመራማሪዎች በጣም ፈጣን በሆነ ካሜራ ቀርጸውታል። ትፋቱ በአንድ ሰከንድ ሠላሳኛ ገደማ ያልቃል፤ ፍጥነቱ በሰከንድ እስከ 28 ሜትር ይደርሳል። መርዛማ ጥርሶቿ ሙጫውን ሲረጩ በሰከንድ እስከ 1,700 ጊዜ ገደማ ይርገበገባሉ፤ ዚግዛጉን የሚሠራው ይሄ ነው። ሙጫው ደግሞ እንዳረፈ ይሸመቀቃል። ክሩ ስለሚያጥር ነፍሳቷን አጥብቆ ያስራታል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብለን ያደግን ሰዎች ሸረሪትን የምናውቀው በድሯ ነው። ይህቺ ግን ድር ዘርግታ አትጠብቅም። ማሰሪያውን ራሱን ትተኩሰዋለች። ይሄን ባየሁ ቁጥር ዛሬም ይደንቀኛል።

አሁን ወደ ልጆችሽ። ትፋቷ የሚደርሰው ከአንድ እስከ ሁለት ሳንቲ ሜትር ነው። የምትተፋውም ለምግብ ወይም ለመከላከል እንጂ ሰው ላይ አይደለም። ጥርሷ የሰው ቆዳ ለመብሳት በጣም ትንሽ ነው። ሰው ላይ ጉዳት አታደርስም። የምትበላው ቢንቢ፣ ዝንብ፣ የእሳት እራትና ሌላ ሸረሪት ነው።

ብዙ ሰው የሚፈራው ብራውን ሬክሉስ ከምትባለው፣ ንክሻዋ አደገኛ ሊሆን ከሚችል ሸረሪት ጋር እያምታታ ይመስለኛል። መምታታቱ አይገርምም፤ ሁለቱም እንደ ብዙዎቹ ሸረሪቶች ስምንት ሳይሆን ስድስት ዓይን ነው ያላቸው፣ ያውም ሁለት ሁለት ሆነው። ሬክሉስ ግን ሆዷና እግሯ ነጠብጣብም ቀለበትም የለውም፣ ፊቷም ጉብ አይልም። መኖሪያዋም በአብዛኛው የአሜሪካ መካከለኛና ደቡባዊ ግዛቶች ናቸው እንጂ ሜሪላንድ አይደለም።

ኳሷን ሆን ብዬ ወደ መጨረሻ አቆየሁት። እንቁላሏ ነው። እናትየው በጥቂት ክር ጠቅልላ በአፏ ይዛ ትዞራለች። ታዲያ አፏ ስለተያዘ እንቁላሉን ካላስቀመጠች መትፋት አትችልም። ፊሊፒንስ ውስጥ የዚህችን ዘመድ የምታድን ፖርሺያ የምትባል ዘላይ ሸረሪት አለች። ፖርሺያ ትፋቱን ፈርታ ብዙ ጊዜ ከኋላ ነው የምትመጣው። እንቁላል የያዘች ካገኘች ግን ፊት ለፊት ትሄድባታለች፤ እንደማትተፋ ገብቷታል ማለት ነው።

ስለዚህ ያገኘሻት አሁን አቅም ያነሳት እናት ናት። ቤዝመንቱ ውስጥ ልትተያት ካልቻልሽ ብርጭቆ ድፊባት፣ ከሥር ወረቀት አስገቢና ወደ ጋራዥ ወይም ሰው ወደማይበዛበት ጥግ ውሰጃት። ቀስ ብለሽ አድርጊው፣ ኳሷ እንዳትወድቅባት። ልጆችሽ ትንሽ ከፍ ካሉ ደግሞ ማታ ባትሪ ይዘሽ አብራችሁ ውረዱና አሳዪያቸው።