የድሮ የብረት ኮርስ ብስክሌት ሲታደስ፣ ገንዘቡ መጀመሪያ ወዴት ይሂድ?

ወንድሜ፣ ጥያቄህን በጥሞና አነበብኩት። እ.ኤ.አ. በ1980 ገደማ የተሠራ የብረት ኮርስ ብስክሌት እጅህ ገብቷል። ከኋላ ባለ 6 ማርሽ ነው፤ ጎማው 27 ኢንች፣ ቸርኬው ክሮም የተቀባ ብረት። ሐሳብህ ቀለሙን ገፍፈህ እንደገና ማስቀባት፣ ማርሹን ባለ 11 ማድረግ፣ መቀየሪያውንም ከፍሬን መያዣው ጋር በተዋሃደው ዘመናዊ ዓይነት መተካት ነው። ፍሬኑን በመጨረሻ አየዋለሁ ብለሃል። እንዲህ ያሉ ብስክሌቶችን ስፈታና ስገጥም ዓመታት ስላለፉኝ ምክሬን በግልጽ ልንገርህ፤ ቅደም ተከተሉን ገልብጠው። ቸርኬና ፍሬን ይቅደሙ፣ ኩሽኔታዎቹ ይከተሉ፣ ማርሹ ይቆይ። ቀለሙን ደግሞ ባትነካው ደስ ይለኛል።

ምንም ዕቃ ከመግዛትህ በፊት ግን ቴላዮውን፣ ማለትም ዕቃው ሁሉ የሚገጠምበትን የቱቦ አካል፣ መርምር። የላይኛውና የታችኛው ቱቦ ከመሪው ቱቦ ጋር በሚገናኙበት አካባቢ፣ በተለይ ከሥር በኩል፣ ጣትህን አሳልፍበት። ቀለሙ ተጨማድዶ ወይም ተሰነጣጥቆ ካገኘኸው ብስክሌቱ ከፊት ለፊቱ ተጋጭቶ ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ያለው ቴላዮ ባለሙያ ሳያየው ሳንቲም አይወጣበትም። ቀጥሎ ከአንዱ የኋላ ሹካ ጫፍ ክር አስረህ በመሪው ቱቦ ዙሪያ አዙረህ ወደ ሌላው ጫፍ መልሰው። ከክሩ እስከ ኮርቻው ቱቦ ያለው ርቀት በቀኝም በግራም እኩል መሆን አለበት።

የኮርቻው ዘንግና የመሪው አንገት መውጣት አለመውጣታቸውንም አሁኑኑ ሞክር። አሉሚኒየም በብረት ውስጥ ግራሶ ሳይቀባ ለዓመታት ሲቀመጥ ዝገቱ ያብጥና ሁለቱን ያጣብቃቸዋል። ዝገት አላቃቂ ዘይት አፍስስበትና ቀናት ስጠው፤ በጉልበት መጠምዘዝ ቱቦውን ያበላሻል። የመሪውን አንገት ብዙ ሰው ብሎኑን ብቻ አላልቶ ይጎትታል፣ አይወጣለትም። ብሎኑን ጥቂት ዙር አላላና በላዩ እንጨት አድርገህ በመዶሻ መታ አድርገው፤ ከታች ያለው ሽብልቅ ሲለቅ አንገቱ ብዙ ጊዜ በእጅ ይወጣል።

አሁን ወደ ቸርኬው። የብረት ቸርኬ ዝናብ ሲነካው የፍሬኑ ጎማ ይንሸራተትበታል፤ በደረቅ መንገድ የሚያቆምህ ፍሬን በእርጥብ ላይ ያሳፍርሃል። በአሉሚኒየም ቸርኬ መተካት ለዚህ ብስክሌት ልታደርግለት ከምትችለው ሁሉ የላቀው ነገር ነው፤ ክብደቱም ይቀንሳል። በተጨማሪም ብዙዎቹ የድሮ ቸርኬዎች ጎማውን ቆንጥጦ የሚይዝ ውስጠኛ ከንፈር ስለሌላቸው፣ ነፋሱ ከበዛ ጎማው ሊወጣ ይችላል።

700ሲ ወደሚባለው ዘመናዊ የጎማ ልክ መሄድ እንደሚቻል ሰምተህ ይሆናል፤ እውነት ነው፣ በልኬት ነው እንጂ። ጎማው የሚቀመጥበት ዲያሜትር በ27 ኢንቹ 630 ሚሊ ሜትር፣ በ700ሲው 622 ሚሊ ሜትር ነው። ልዩነቱ 8 ሚሊ ሜትር ስለሆነ የፍሬንህ ጎማ 4 ሚሊ ሜትር ወደ ታች መውረድ አለበት። የፍሬኑን ጎማ አላልተህ በክንዱ ላይ ምን ያህል ዝቅ እንደሚል አሁን እየው። ከበቃ ሌላ ትርፍም አለህ፤ ሰፋ ያለ ጎማ የሚገባበት ቦታ ታገኛለህ፣ የጎማ ምርጫህም በጣም ይበዛል።

ከኋላ ያለው ጥያቄ ስፋት ነው። ባለ 6 ማርሽ ቴላዮዎች በሁለቱ የሹካ ጫፎች መካከል አብዛኛውን ጊዜ 126 ሚሊ ሜትር ናቸው፤ አንዳንዶቹ 120 ናቸው። ከባለ 8 እስከ ባለ 11 ያሉት በቸርኬ ላይ ፍሬን የሚይዙ የኮርስ ሞዞዎች (የቸርኬው መሐል ክፍሎች) ግን 130 ይፈልጋሉ። ብረት ስለሆነ ከ126 ወደ 130 በቀዝቃዛው ሊከፈት ይችላል፤ ነገር ግን በየጎኑ እኩል 2 ሚሊ ሜትር መሆኑ፣ ጫፎቹም ትይዩ መሆናቸው በመለኪያ መረጋገጥ አለበት። ይህን በአሉሚኒየም ወይም በካርቦን ቴላዮ ላይ ማንም እንዳይሞክረው። አንተ ግን ይህን ሁሉ መክፈት ላያስፈልግህ ይችላል፦ በ126 ሞዞ የተሠራ 700ሲ ቸርኬ ካገኘህ የድሮውን ማርሽ ፈትተህ እላዩ ታጠብቀዋለህ።

ፍሬኑን በተመለከተ የድሮዎቹን የፍሬን ጎማዎች ሳታመነታ ጣላቸው፤ በዕድሜ ብዛት ይደርቃሉ። ገመዱንም ገመዱ የሚያልፍበትን ሽፋንም በአዲስ ለውጥ። እዚህ ላይ አደራ የምልህ ነገር አለ፦ ለማርሽ የሚሸጠውን፣ ውስጡ ቀጥ ባሉ ሽቦዎች የተሠራውን ሽፋን ለፍሬን አታድርግ። ፍሬን በኃይል ሲያዝ ሊፈነዳ ይችላል።

ኩሽኔታ የእነዚህ ብስክሌቶች ውበት ነው፤ ሁሉም ይፈታል፣ ይታጠባል፣ ይገጠማል። ብዮቹ ርካሽ ስለሆኑ ሁልጊዜ በአዲስ ተካ፤ ብዙውን ጊዜ በፊት ሞዞ 3/16 ኢንች፣ በኋላው 1/4 ኢንች ናቸው። ብዩ የሚሽከረከርበት ኮን ጉድጓድ ጉድጓድ ካወጣ ኮኑ ይለወጣል። ጉድጓዱ በሞዞው በራሱ ላይ ከሆነ ግን ያ ሞዞ አብቅቶለታል። ስታጠብቅ፣ ቸርኬው ከብስክሌቱ ውጭ ሳለ ጥቂት ነቅነቅ ይበል፤ በእጅ የሚዘጋው ማጥበቂያ ሲታሰር ያ መነቃነቅ ይጠፋል።

የፔዳሉን መሐል ኩሽኔታ ከመፍታትህ በፊት የብሎን ጥርሱ የየትኛው አገር ሥሪት እንደሆነ እወቅ። በእንግሊዙ ሥሪት የቀኙ ኩባያ (ኩሽኔታውን ይዞ ቴላዮው ውስጥ የሚጠብቀው ክፍል) ግራ ጥርስ ስለሆነ የሚፈታው ወደ ቀኝ በማዞር ነው፤ በጣሊያኑና በአብዛኛው የፈረንሳይ ሥሪት ግን ሁለቱም እንደ ተራ ብሎን ናቸው። የቱቦው ስፋት 70 ሚሊ ሜትር ከሆነ ጣሊያናዊ ነው ማለት ይቻላል፤ 68 ከሆነ ግን እንግሊዛዊም ፈረንሳዊም ሊሆን ስለሚችል ኩባያው ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ፈልግ። 1.37 በ24 ካለ እንግሊዛዊ፣ 36 በ24 ካለ ጣሊያናዊ፣ 35 በ1 ካለ ፈረንሳዊ ወይም ከእርሱ የሚቀራረበው የስዊስ ሥሪት ነው። በስዊሱም የቀኙ ኩባያ ግራ ጥርስ ነው። ይህን ሳያውቁ በረጅም ቁልፍ የታገሉ ሰዎች ያበላሹትን ቴላዮ አይቻለሁ፤ ያሳዝናል።

ማርሹን ለምን ወደ ኋላ እንዳደረግኩት ልንገርህ። በቴላዮህ ላይ ያሉት መቀየሪያዎች በሰበቃ ብቻ የሚሠሩ ናቸው፤ እየሰማህ ራስህ ታስተካክላለህ እንጂ የተወሰነ ደረጃ የላቸውም። ስለዚህም ብልሽት አያውቃቸውም። ሺማኖ በፍሬን መያዣው ውስጥ የተዋሃደውን መቀየሪያ ያመጣው እ.ኤ.አ. በ1990፣ ካምፓኞሎ በ1992 ነው፤ ብስክሌትህ ከዚያ በፊት የተወለደ ነው። ባለ 11 ስታደርገው መቀየሪያው፣ ሰንሰለቱን የሚያዛውረው ክፍል፣ ሰንሰለቱ፣ የኋላው ማርሽና ሞዞ በአንድነት ይለወጣሉ፤ አዲሱ መያዣ የፍሬን ገመዱን የሚስብበት መጠንም ከድሮው ፍሬን ጋር ላይስማማ ይችላል። በዚያ ወጪ ለዚያ ሥርዓት የተሠራ ሌላ ብስክሌት መፈለግ ይሻላል ባይ ነኝ። ለጊዜው ሰንሰለቱን ብቻ ለካ፦ 12 ሙሉ ጥንድ ማያያዣዎች በትክክል 12 ኢንች መሆን አለባቸው። በ1/16 ኢንች ካለፈ ሰንሰለቱን ለውጥ፤ 1/8 ከደረሰ የማርሹም ጥርሶች አብረው አልቀው ይሆናል።

ቀለሙን ደግሞ እባክህ አትግፈፍ። የፋብሪካው ቀለምና ጽሑፍ አንዴ ከጠፋ አይመለስም። በቱቦው ላይ የብረቱን ዓይነት የሚናገር፣ እንደ ሬይኖልድስ 531 ያለ ምልክት ካለ የቴላዮው መታወቂያ እርሱ ነው። ዝገቱን ብቻ ለይተህ አጽዳ፣ የተላጠውን በተመሳሳይ ቀለም ንካ፣ ሰም ቀባው። ኮርቻውን ስታወጣ ወደ ቱቦዎቹ ውስጥ ዝገት መከላከያ ዘይት አፍስስና ቴላዮውን እያገላበጥክ አዳርስ።

አሁን ካሊፐር በሚባለው መለኪያ የኋላ ሹካውን ስፋት ለካ፣ የመሐል ኩባያውን ቁጥር አንብብ፣ የፍሬኑን ክንድ ከጎን ፎቶ አንሣና ለጥፍልን። ሦስቱን ሳይ የትኛው ቸርኬ እንደሚገባልህ እነግርሃለሁ።