ከግንቡ ማዶ የሚሰማው

ጥያቄ፦ ለዝግጅት ክፍሉ፣ እንደምን ከርማችኋል? እኔና ጓደኞቼ በፍኖተ ሰላም ከተማ ቅዳሜ ቅዳሜ ማታ ተሰብስበን ፊልም የማየት ልማድ አለን። በቅርቡ በ2016 ዓ.ም. ለኦስካር ከታጩት የውጭ አገር ፊልሞች መካከል ሁለቱን አከታትለን አየን። አንደኛው ሁለት የሴኔጋል ልጆች ሰሃራንና ሊቢያን አቋርጠው ወደ ጣሊያን የሚሄዱበት «ኢዮ ካፒታኖ» ሲሆን፣ ከመካከላችን እንባውን ያልጠረገ አልነበረም። ሁለተኛው በአማርኛ ተተርጉሞ ያገኘነው «ዘ ዞን ኦፍ ኢንተረስት» ነው። በዚህኛው አንድ ቤተሰብ ይበላል፣ ይጠጣል፣ አትክልት ያጠጣል፤ ከዚያ ውጭ አንዳች ነገር ሳይሆን ያልቃል። ያሸነፈው ግን ይኸኛው ነው ሲባል ግራ ገባን። ዳኞቹ ምን አይተው ነው? ደግሞስ የሴኔጋል ልጆች ታሪክ እንዴት የጣሊያን ፊልም ተባለ?

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ ከደብዳቤዎ ውስጥ ከሁሉ አስቀድሞ ዓይኔን የያዘው «በአማርኛ ተተርጉሞ ያገኘነው» የሚለው ሐረግ ነው፤ የጥያቄዎ መልስ አብዛኛው እዚያው ላይ ያለ ይመስለኛል። ትርጉም ፊልም ሲዘጋጅ የተርጓሚው ድምፅ ጎልቶ እንዲሰማ የፊልሙ የራሱ ድምፅ ዝቅ ይደረጋል። በሌላ ፊልም ላይ የዚህ ጉዳቱ ትንሽ ነው፤ ጥይቱም ልቅሶውም ከምስሉ ይታወቃል። በዚህ ፊልም ግን ታሪኩ ያለው ዝቅ በተደረገው ድምፅ ውስጥ ነው።

የቤቱ አባወራ ሩዶልፍ ሆስ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ናዚዎች አይሁዶችን በጅምላ የፈጁበት የአውሽቪትዝ የሞት ካምፕ አዛዥ የነበረ፣ በታሪክ የሚታወቅ ሰው ነው። ሚስቱ ሄድቪግ በአበባና በአትክልት ያስዋበችውን ግቢ ከካምፑ የሚለየው አንድ ግንብ ብቻ ነው። ዳይሬክተሩ ጆናታን ግሌዘር ግድያውን አንድም ጊዜ አያሳየንም። ልጆቹ ሲዋኙ፣ እናትየዋ ሕፃኗን አቅፋ አበቦቹን አንድ በአንድ ስታስተዋውቃት፣ ከግንቡ ማዶ ተኩስ፣ የውሻ ጩኸት፣ የጠባቂዎች ቁጣና የሰው ሲቃ ይሰማል፤ ከሁሉ በታች ደግሞ የማይቋረጥ የሬሳ ማቃጠያ ምድጃ ጉርምርምታ አለ። የድምፅ ባለሙያዎቹ ጆኒ በርንና ታርን ዊለርስ በዚሁ ሥራቸው የምርጥ ድምፅ ኦስካርን ወስደዋል፤ በዚያ ምሽት ሰባት ሽልማት ያፈሰው «ኦፐንሃይመር» እንኳ በዚህ ዘርፍ ታጭቶ በእነርሱ ተበልጧል።

እኔም ፊልሙን መጀመሪያ ያየሁት በክረምት፣ ደብረ ማርቆስ ቤቴ ውስጥ ሆኜ ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲወርድበት ያመሸ ሌሊት በመሆኑ የግርጌ ጽሑፉን እያነበብኩ ጨረስኩትና፣ ልክ እንደ እናንተ፣ ምንም ሳይሆን አለቀ ብዬ ተኛሁ። ከጥቂት ወራት በኋላ ጸጥ ባለ ሌሊት ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ አድርጌ ደገምኩት። ሄድቪግ ከእስረኞች የተገፈፈ ባለ ፀጉር ካፖርት መስታወት ፊት ቆማ ትለካለች፤ ኪሱን ስትፈትሽ የባለቤቲቱን የከንፈር ቀለም ታገኛለች፤ አውጥታም የራሷን ከንፈር ትቀባበታለች። እዚህ ስደርስ ከሩቅ የሚመጣ የጩኸት ድምፅ ሰማሁ። ከውጭ የመጣ መስሎኝ ማዳመጫውን አውልቄ መስኮቱን ከፈትኩ፤ ውጭው ጭር ብሏል። ከዚያ ወዲያ ፊልሙን እስከ መጨረሻው ያየሁት በሌላ ልብ ነው።

የዋሸራና የጎንጅ ቅኔ ቤቶች ባሉበት አገር ያደግን ሰዎች ለዚህ ዓይነቱ ሥራ እንግዳ አይደለንም። የፊልሙ ሰም ለዓይን የሚታየው ግቢ ነው፤ ወርቁ የሚገኘው በጆሮ ብቻ ነው። ይበልጥ አስተካክዬ ልናገር ካልሁ ደግሞ ውስጠ ወይራን ይመስላል፤ ሰሙና ወርቁ ፊት ለፊት ቆመው አይነጻጸሩም፣ ወርቁን ከውስጥ ፈልፍሎ ማውጣት የአድማጩ ፋንታ ነው። ዳኞቹ ያዩትን ሳይሆን የሰሙትን መረጡ ብዬ አምናለሁ፤ ምርጫቸውም ትክክል ነበር።

ስለ «ኢዮ ካፒታኖ» ግን ቅሬታዎን ሙሉ በሙሉ እጋራለሁ። በመተማ ወጥተው በሱዳን በኩል ሊቢያ የገቡ ልጆች ያሏቸው እናቶች ባሉበት አገር ተቀምጦ ይህን ፊልም በደረቅ ዓይን ማየት አይቻልም። በበረሃው ጉዞ መካከል አንዲት ሴት መራመድ አቅቷት ወድቃ ትቀራለች። ሊረዳት ያልቻለው ሰይዱ፣ ከሁለቱ ልጆች አንዱ፣ በሐሳቡ እጇን ይዞ፣ እርሷ ከምድር ከፍ ብላ በአየር ላይ እየተንሳፈፈች አብራው ስትሄድ እናያለን። ጣሊያናዊው ዳይሬክተር ማቴዮ ጋሮኔ በዚህ ፊልም በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በቬኒስ ፌስቲቫል የምርጥ ዳይሬክተር ሽልማት ሲያገኝ፣ ሰይዱን ሆኖ የተጫወተው ወጣት ሰይዱ ሳርም እዚያው ለአዳዲስ ተዋንያን የሚሰጠውን ሽልማት ተቀብሏል። በኦስካር ግን ፊልሙ የታጨው በአንድ ዘርፍ ብቻ ነው። ዳኞቹን የምወቅሰው እዚህ ላይ ነው፤ ልጁ በምርጥ ተዋናይነት፣ ሥራውም ለምርጥ ፊልም ከታጩት አሥሩ መካከል ስማቸው ሊጠራ ይገባ ነበር። «ዘ ዞን ኦፍ ኢንተረስት» ሁለቱንም በር አንኳኩቶ፣ በምርጥ ፊልም ዘርፍም በዓለም አቀፍ ፊልም ዘርፍም ታጭቷል፤ ያ ዕድል ለሌላው መነፈጉ አሁንም ይቆጨኛል።

የአገሩን ነገር በተመለከተ፣ በዓለም አቀፍ ፊልም ዘርፍ እያንዳንዱ አገር በዓመት አንድ ፊልም ያቀርባል፤ ከእነዚያ 15ቱ ይለያሉ፣ በመጨረሻም 5ቱ ይታጫሉ። ዋናው መስፈርት አብዛኛው ንግግር ከእንግሊዝኛ ውጭ መሆኑ ስለሆነ፣ በወሎፍና በፈረንሳይኛ የሚነገረው «ኢዮ ካፒታኖ» ጣሊያንን፣ በጀርመንኛ የሚነገረው አሸናፊ ደግሞ ብሪታንያን ወክሎ ቀርቧል። ጀርመናዊው ቪም ቬንደርስ የሠራው «ፐርፌክት ዴይስ» የጃፓን ዕጩ ነበር፤ የቶኪዮ የሕዝብ መጸዳጃ ቤቶችን የሚያጸዳ ሰው የዕለት ኑሮ ነውና ቅዳሜ ማታ ጊዜ ካገኛችሁ እርሱንም እዩት።

ከዚያ በፊት ግን «ዘ ዞን ኦፍ ኢንተረስት»ን ያለ ተርጓሚ፣ በግርጌ ጽሑፍ፣ ድምፁን ከፍ አድርጋችሁ ድገሙት። በተለይ የሄድቪግ እናት ልጇን ለመጠየቅ የምትመጣበትን ክፍል ልብ በሉ። ቀን ግቢውን ዞራ አይታ ልጇን ታደንቃለች። ሌሊት ከእንቅልፏ ስትነቃ መስኮቱ በእሳት ቀልቷል፣ ጉርምርምታውም አላቆመም። ሲነጋ አልጋዋ ባዶ ነው፤ ማስታወሻ ትታ ሄዳለች። ሄድቪግ ወረቀቱን አንብባ ወደ እሳት ትጨምረዋለች። ምን እንደተጻፈበት አልተነበበልንም፤ ሴትዮዋ ሌሊቱን ሙሉ የሰማችውን ግን እኛም ሰምተናል።