ለበዓሉ ጭስ ስንት ችግኝ ይበቃል?

ጥያቄ፦ ቤተሰባችን በየዓመቱ ለበዓል በአንድ ቤት ይሰበሰባል። ከፊሎቻችን በመኪና ረጅም መንገድ ተጉዘን እንመጣለን፤ አንዲት እኅታችን ደግሞ በአውሮፕላን ባሕር አቋርጣ ትመጣለች። ድግሱ ሰፊ ነው፤ ቤቱም ለሁለት ሳምንት ያህል በጌጥ መብራት ያሸበርቃል። ዘንድሮ ልጆቻችን ስለምናወጣው በካይ ጋዝ አጥብቀው ስለሞገቱን፣ በበዓሉ ማግሥት በነፍስ ወከፍ አንድ አንድ፣ በድምሩ 14 ችግኞች ተክለን ሒሳቡን ልንዘጋ ተስማምተናል። 14 ይበቃል? ካልበቃስ ስንት ብንተክል ነው ተካክሷል የሚባለው?

መልስ፦ የችግኝ ቁጥር ብቻውን ይህን ሒሳብ አይዘጋውም። ለምን እንደማይዘጋው ለማሳየት ከመኪኖቻችሁ አንዱን ብቻ ወስደን እናስላ፤ ርቀቱን ስላልገለጻችሁልን ደርሶ መልሱን 600 ኪሎ ሜትር እንበለው። በ100 ኪሎ ሜትር 8 ሊትር ቤንዚን የሚፈጅ መኪና በዚህ ጉዞ 48 ሊትር ይጨርሳል። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል 2.3 ኪሎ ግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚወጣው፣ የጉዞው ድምር 110 ኪሎ ግራም ገደማ ይሆናል። ሦስት አራተኛ ኪሎ ያህል ብቻ ከሚመዝን ሊትር ቤንዚን የክብደቱ ሦስት እጥፍ ጋዝ እንዴት ይወጣል የሚል አንባቢ አይጠፋም፤ በነዳጁ ውስጥ ያለው ካርቦን ሲቃጠል ከአየር ኦክስጅን ወስዶ ስለሚጣመር ነው። 12 ግራም ካርቦን ተቃጥሎ 44 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል።

ዛፍ ይህንኑ ሥራ ወደ ኋላ ይሠራዋል። ጋዙን በቅጠሉ ስቦ፣ በብርሃን አስተፃምሮ ካርቦኑን ግንድ፣ ቅርንጫፍና ሥር ያደርገዋል። እንጨት ከአፈር የሚሠራ የሚመስለን ብዙዎች ነን። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ያን ባፕቲስት ቫን ሄልሞንት የተባለ ተመራማሪ 2.3 ኪሎ ግራም ያህል የምትመዝን የአኻያ ችግኝ፣ አስቀድሞ አድርቆ በመዘነው 90 ኪሎ ግራም ገደማ አፈር ውስጥ ተክሎ ለ5 ዓመት ውኃ ብቻ አጠጣት፤ በመጨረሻ ዛፏ ወደ 77 ኪሎ ግራም ስትደርስ ከአፈሩ የጎደለው 60 ግራም እንኳ አልሞላም። እርሱ ግን ዛፏ ከውኃ ብቻ የተሠራች መሰለው፤ አየሩን አልጠረጠረም። የሚገርመው፣ «ጋዝ» የሚለውን ቃል ያወጣውና ከሰል ሲቃጠል የሚወጣውን ጋዝ ለይቶ የገለጸውም እርሱ ራሱ ነበር።

ወደ ሒሳባችን እንመለስ። የደረቀ እንጨት ግማሽ ያህል ክብደቱ ካርቦን ነው። ስለዚህ የአንዱን መኪና 110 ኪሎ ግራም መልሶ ለመያዝ 60 ኪሎ ግራም ያህል ደረቅ እንጨት ያስፈልጋል፤ ይህም ቆሞ ሳለ፣ ከነእርጥበቱና ከነሥሩ፣ 120 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን ዛፍ ማለት ነው። ከችግኝ ጣቢያ የምታመጡት፣ ግንዱ ከእርሳስ የማይወፍር ችግኝ ግን ደርቆ ቢመዘን 20 ግራም ቢሆን ነው። በውስጡ የታሰረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ 37 ግራም ያህል ይሆናል፤ መኪናችሁ 200 ሜትር ሲሄድ የሚያወጣው መጠን ነው። 14ቱም ችግኞች በተተከሉበት ዕለት የያዙት ቢደመር ከ3 ኪሎ ሜትር ጉዞ አያልፍም።

ችግኝ እንግዲህ ዕዳ የሚከፍለው በተተከለበት ቀን ሳይሆን በሚያድግባቸው ዓመታት ሁሉ ነው፤ ጋዙ ግን በበዓሉ ሳምንት አየር ላይ ወጥቶ ማሞቁን ይጀምራል። አንድ ዛፍ በዓመት 20 ኪሎ ግራም ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወስዳል የሚለው በብዙ ጽሑፎች የሚጠቀስ አኃዝ በደህና ስፍራ ላለ ለጎለመሰ ዛፍ ሊስማማ ይችላል፤ እንደ ዝርያው፣ እንደ ዝናቡና እንደ አፈሩ ግን እጅግ ይለያያል። ስሕተቱ የሚመጣው ይህን አኃዝ ትናንት በተተከለ ችግኝ ቁጥር ስናባዛው ነው።

በጥያቄያችሁ ያልተነሣ ሌላም ነገር አለ፤ ተከላው የአንድ ጊዜ ሲሆን በዓሉ ግን በየዓመቱ ይመጣል። ያው አንድ መኪና ለ20 ዓመት በየበዓሉ ያንኑ መንገድ ቢመላለስ 2.2 ቶን ያህል ያወጣል፤ ይህን ለመያዝም እያንዳንዳቸው 60 ኪሎ ግራም ደረቅ እንጨት ያበጁ 20 ዛፎች ያስፈልጋሉ። 14ቱ አንድም ሳይደርቅ እዚህ መጠን ቢደርሱ እንኳ የአንዲቱን መኪና ሒሳብ አይሞሉም። የእኅታችሁ ጉዞ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። አንድ ኪሎ ግራም የአውሮፕላን ነዳጅ ሲቃጠል ከ3 ኪሎ ግራም በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል፤ በሺዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር በሚሸፍን ደርሶ መልስ በረራ የአንድ መንገደኛ ድርሻ ከ1 ቶን ሊያልፍ ይችላል። አውሮፕላኑ በሰማይ ላይ የሚተወው ነጭ የደመና መስመርም ሙቀት ወደ ጠፈር እንዳያመልጥ ስለሚያግድ በዚህ ላይ የራሱን ይጨምራል።

እኅታችሁ ትቅር ማለታችን አይደለም። ነገር ግን ባዶ ወንበር ይዘው የሚመጡ ሁለት መኪኖች ወደ አንድ ቢጠቃለሉ በዚያው ቀን 110 ኪሎ ግራም ይቀራል፤ ያልወጣን ጋዝ ደግሞ ውኃ ማጠጣትም ሆነ ከከብት መጠበቅ አያስፈልግም። ከማዕዱም የሚቀነስ አለ። የሚያመሰኩ እንስሳት በአፋቸው የሚያወጡት ሚቴን፣ በ100 ዓመት ሲሰላ፣ በእኩል ክብደት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ገደማ ያሞቃል፤ ተርፎ የተጣለ ምግብም አየር በማይደርስበት የቆሻሻ ክምር ውስጥ ሲበሰብስ ይህንኑ ጋዝ ያወጣል። ሰው ሁሉ ቀድሞ የሚወቅሰው የጌጥ መብራት ግን ከሁሉ ያነሰ ነው። 10 ዋት የሚወስድ የኤልኢዲ መብራት ሐብል በቀን 6 ሰዓት ለ15 ቀን ቢበራ 1 ኪሎዋት ሰዓት አይሞላም፤ ስለ እርሱ ከልጆቹ ጋር ባትከራከሩ ይሻላል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ትከሉ ነው የምንለው፤ ዛፍ ጥላ ይሰጣል፣ አፈር ይይዛል፣ ለወፍም ማረፊያ ይሆናል። ተካክሷል የሚለውን ቃል ብቻ አቆዩት።

ጥያቄ፦ የምንተክልበት ቦታ የለንም። በእኛ ስም ለሚተክል ድርጅት ገንዘብ ብንከፍልና የካርቦን ክሬዲት (ሌላ ቦታ ለተያዘ ወይም ለቀረ ጋዝ የሚሸጥ ማረጋገጫ) ብንገዛስ?

መልስ፦ ይቻላል፤ ከመክፈላችሁ በፊት ግን ሦስት ነገር ጠይቁ። አንደኛው፣ ዛፎቹ የእናንተ ገንዘብ ባይኖርም ይተከሉ ነበር ወይ የሚለው ነው። ባለመሬቱ በራሱ ዕቅድ ሊተክለው የነበረውን ደን ለእናንተ ከሸጠላችሁ አየሩ ላይ የተለወጠ ነገር የለም። ሁለተኛው ጊዜን ይመለከታል፤ ከከርሰ ምድር ወጥቶ የተቃጠለ ነዳጅ ካርቦን በከፊል ለብዙ መቶ ዓመታት አየር ላይ ይቆያል፣ ደን ግን በአንድ የእሳት ወቅት ሊነድ ይችላል። ስለዚህ ከክሬዲቶቹ የተወሰነውን ሳይሸጥ ለመጠባበቂያ የሚይዝ አሠራር ካለ መጠየቅ ተገቢ ነው። ሦስተኛው፣ የገዛችሁት ክሬዲት በመዝገብ ላይ በመለያ ቁጥሩ ተሰርዞ ለሌላ እንዳይሸጥ ተደርጓል ወይ የሚለው ነው። «ባንድ ጠቅታ አንድ ዛፍ» እያለ ችግኝ ብቻ የሚቆጥር፣ ከ3 ወይም ከ5 ዓመት በኋላ ስንቱ እንደጸደቀ የማይናገር ድርጅት ሲገጥማችሁ ግን ገንዘባችሁን ባትሰጡት እንመክራለን።

ጥያቄ፦ አምና የተከልናቸው ችግኞች አብዛኞቹ ደረቁ። ምን አጠፋን?

መልስ፦ ሳናይ መፍረድ ቢያስቸግርም፣ በዓል ጠብቆ የሚደረግ ተከላ ወቅት ያላገናዘበ ሊሆን ይችላል። ችግኝ የሚተከለው ለበዓሉ ቀን ተብሎ ሳይሆን ዝናብ ሲጀምር፣ ሥሩ ከደረቁ ወራት በፊት ወደ ታች የሚወርድበት ጊዜ እንዲያገኝ ነው፤ በዓላችሁ በደረቅ ወቅት ከዋለ በዕለቱ ቦታውን ምረጡ፣ ተከላውን አቆዩት። ሌላው የተለመደ ጥፋት ችግኙን ከነፕላስቲኩ መቅበር ነው። ፕላስቲኩን ቅደዱና አውልቁ፤ ሥሩ ከታች እንደ ገመድ ተጠምዝዞ ካገኛችሁት የተጠመዘዘውን በስለት ቁረጡለት፣ አለበለዚያ ዛፉ አድጎም ራሱን ያንቃል። በዙሪያው ሣር ጎዝጉዙ፤ ጉዝጓዙ ግን ግንዱን አይንካ። ረግረግ ለማጠንፈፍም ሆነ ተፈጥሯዊ የሣር መሬት ለመሸፈን ብላችሁ አትትከሉ፤ በተለይ ረግረጉ ሲደርቅ ከአፈሩ የሚወጣው ካርቦን ዛፎቹ ከሚይዙት ሊበልጥ ይችላል።

የጸደቁትን ለመከታተል የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል። ዛፉ ከሰው ደረት ሲያልፍ የደን ባለሙያዎች እንደሚያደርጉት ከመሬት 1.3 ሜትር ከፍታ ላይ ሜትሩን በግንዱ ዙሪያ አዙራችሁ የተገኘውን ለ3.14 ብታካፍሉት የግንዱን ውፍረት ታገኛላችሁ። ይህን ሥራ ለልጆቹ ስጧቸው፤ በየዓመቱ በዓሉ ሲመጣ የቆሙትን ቆጥረው ውፍረታቸውን ከቀኑ ጋር በደብተር ይጻፉ፣ የደረቁትንም በቀጣዩ ዝናብ ይተኩ።