ስለ ራሞንስ ጠይቁኝ፦ ንስሩ፣ ነጩ ጊታር፣ የሚሰረቀው ታፔላና ሌላም

ስለ አሜሪካው የፓንክ ሮክ ባንድ ስለ ራሞንስ የምትፈልጉትን ጠይቁ ብዬ ነበር፤ ብዙ ጥያቄ መጣ። ግማሹ ስለ ቲሸርት ነው፣ አልገረመኝም። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሰልባጅ ተራ ንስር ያለበት ጥቁር ቲሸርት ገዛሁ። በክቡ ዙሪያ «ጆኒ፣ ጆይ፣ ዲ ዲ፣ ቶሚ» ይላል። ጓደኞቼ የልብስ ብራንድ ነው ይሉኛል። እውነት ነው?

ብራንድ አይደለም፣ ባንድ ነው። ግን በጓደኞችህ አልፈርድም። ይህን ቲሸርት ከለበሱት ሰዎች አብዛኞቹ አንድም ዘፈናቸውን ሰምተው አያውቁም፤ አዲስ አበባም ቶኪዮም ያው ነው።

ራሞንስ በ1974 ኒውዮርክ ውስጥ፣ ኩዊንስ ከሚባለው ክፍል ፎረስት ሂልስ ሰፈር የተነሱ አራት ልጆች ናቸው፦ ዘፋኙ ጆይ፣ ጊታር የሚመታው ጆኒ፣ ቤዝ ጊታር የሚመታው ዲ ዲና ድራም የሚመታው ቶሚ። ሁሉም «ራሞን» ቢባሉም ወንድማማቾች አይደሉም። የቢትልሱ ፖል ማካርትኒ ገና ታዋቂ ሳይሆን «ፖል ራሞን» በሚል ስም ይጠቀም ነበር። ዲ ዲ ያንን ስም ወሰደው፣ ሌሎቹም ተከተሉት።

ንስሩን የሠራው አርቱሮ ቬጋ የሚባል ሜክሲኮ ተወልዶ ኒውዮርክ የኖረ ሠዓሊ ነው። መነሻው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ማኅተም ነው። ልብ ብለህ እየው፤ በማኅተሙ ላይ ንስሩ የወይራ ቅርንጫፍና ቀስቶች ይዟል። ቬጋ በወይራው ፋንታ የፖም ቅርንጫፍ፣ በቀስቶቹ ፋንታ የቤዝቦል ዱላ አስያዘው። ዱላው ለጆኒ ነው፣ ቤዝቦል በጣም ይወድ ነበር። ቬጋ በኮንሰርቶቹ መብራት ይሠራል፣ ቲሸርቱንም ይሸጣል። ከሸክላው ይልቅ ቲሸርቱ የሚሸጥበት ጊዜ ብዙ ነበር። ባንዱን ለዓመታት መንገድ ላይ ያቆየው የቲሸርቱ ገንዘብ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ታዲያ ቲሸርቴ ዋጋ ያወጣል?

ብዙ ተስፋ አታድርግ። አራቱ የመጀመሪያ አባላት ስም ያለበት ቲሸርት ዛሬም በፈቃድ በብዛት ይታተማል፤ ስሙ ብቻ ምንም አያረጋግጥም። አንገቱ ላይ ያለውን ምልክት እይ። ጨርቁ ከምን እንደተሠራ በብዙ ቋንቋ ከተጻፈበት፣ ወይም የኢንተርኔት አድራሻ ካለበት፣ የቅርብ ጊዜ ሥራ ነው። የክንዱንና የታችኛውን ጠርዝ ስፌትም ቁጠር። በ1970ዎቹና 80ዎቹ የተሠሩ የአሜሪካ ቲሸርቶች አብዛኞቹ በአንድ መስመር የተሰፉ ናቸው፤ በኋላ የመጡት ሁለት መስመር አላቸው። ሕትመቱም በአሮጌው ላይ ቀጭን ሆኖ ተሰነጣጥቋል። በፋብሪካ ሆን ተብሎ «ያረጀ» ግን ስንጥቁ የትም ቦታ አንድ ዓይነት ነው።

በቶሚ ፋንታ ከሱ በኋላ ድራም የመቱት የማርኪ ወይም የሪቺ ስም ያለበት ካገኘህ ንገረኝ። እሱ ያስጎመጃል።

የጆኒ ጊታር ወደ አንድ ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ የሚባለው ወሬ ነው ወይስ እውነት?

እውነት ነው። በሴፕቴምበር 2021 በጨረታ 937,500 ዶላር ወጣበት። ሞዝራይት የሚባል ነጭ ጊታር ነው፣ የ1965 ሥሪት።

ታሪኩ ደስ ይላል። ጆኒ በ1974 የመጀመሪያውን ሞዝራይት ሲገዛ የከፈለው ከ50 ዶላር ብዙም የማይርቅ ገንዘብ ነበር። የመረጠውም ርካሽ ስለነበረና ሌላ ማንም ስለማይጫወትበት ነው። ያኛው በ1977 ተሰረቀ። ነጩን የገዛው ለመተኪያ ነው፤ ከዚያ እስከ 1996 የመጨረሻው ኮንሰርት ድረስ ከእጁ አልወጣም። ራሞንስ በጠቅላላው 2,263 ኮንሰርት አቅርበዋል፤ አብዛኛው በዚህ ጊታር ነው። ጆኒ ክሮቹን ሁሌ ከላይ ወደ ታች ብቻ ነበር የሚመታው፣ ያውም በዚያ ፍጥነት። ጊታሩ እንዴት እስካሁን አልተሰነጠቀም ብዬ አስባለሁ።

እኔን ከጠየቅሽኝ ዋጋው ትክክል ነው። ሰዎች አንዴ መድረክ ላይ ለተነካ ጊታር ከዚህ የባሰ ይከፍላሉ። ይሄ የሥራ ዕቃ ነው፣ 19 ዓመት ያገለገለ።

ኢንተርኔት ላይ አራቱም የፈረሙበት ፖስተር በ300 ዶላር አገኘሁ። ልግዛ?

አትግዛ።

ምክንያቱን ልንገርህ። ጆይ በኤፕሪል 2001፣ ዲ ዲ በጁን 2002፣ ጆኒ በሴፕቴምበር 2004፣ ቶሚ በጁላይ 2014 አርፈዋል። አዲስ ፊርማ የለም፤ ያለው እየቀነሰ ነው የሚሄደው። አራቱም ያሉበት እውነተኛ ወረቀት በዚያ ዋጋ የሚሸጥ ሰው ወይ ምን እንደያዘ አያውቅም፣ ወይ በደንብ ያውቃል። ሁለተኛው ይበዛል።

ቀኖቹን ራሳቸውን እንደ ማጣሪያ ተጠቀምባቸው። ቶሚ በ1978 ከድራሙ ተነስቶ ወደ አልበም ማዘጋጀቱ ሄደ። ዲ ዲ በ1989 ወጣ፣ ሲ ጄ ተተካ። ስለዚህ በ1992 ኮንሰርት ፖስተር ላይ የዲ ዲና የቶሚ ፊርማ ከጆኒ ጎን ተሰልፎ ካየህ ጠርጥር። ከ2001 በኋላ በታተመ ነገር ላይ የጆይ ፊርማ ካየህ ደግሞ መጠርጠርም አያስፈልግህም። እንዲህ ያለ ነገር የለም እንዳትል፣ አለ። አራቱ ፊርማ በአንድ ብዕር፣ በአንድ ዓይነት የእጅ ጫና የተጻፈ ከመሰለህም እለፈው። እኔ ራሴ አንድ ነጋዴ «የማረጋገጫ ወረቀት አለው» ሲለኝ ወረቀቱን ያዘጋጀው ማን ነው ብዬ ጠየቅሁት። እሱ ራሱ ነበር።

ሸክላ መሰብሰብ ጀምሬያለሁ። የመጀመሪያ እትም መሆኑን በምን ላውቅ?

ስለ ሁለቱ ብቻ ልንገርሽ፣ ጠቃሚዎቹ እነሱ ናቸው።

የመጀመሪያው አልበም ኤፕሪል 23 ቀን 1976 ሳየር ሪከርድስ በሚባል የሙዚቃ ድርጅት ወጣ። የመጀመሪያዎቹ የአሜሪካ ቅጂዎች ኤቢሲ በሚባል አከፋፋይ በኩል የተከፋፈሉ ናቸው። ሳየር በኋላ ወደ ዋርነር ስለዞረ የዋርነር ስም ያለበት ሸክላ የኋላ እትም ነው። ሽፋኑን ሳይሆን መሐሉ ላይ ያለውን ክብ ወረቀት አንብቢ፤ ሽፋን ይቀያየራል።

ሁለተኛው አልበም፣ የ1977ቱ «ሊቭ ሆም»፣ ይበልጥ ያስደስታል። በመጀመሪያው እትም ላይ «ካርቦና ኖት ግሉ» የሚል ዘፈን ነበር። ካርቦና ግን የእድፍ ማስለቀቂያ የንግድ ስም ሆኖ ተገኘ፤ ክስ ተፈርቶ ዘፈኑ ወጣ። አሜሪካ ላይ በ«ሺና ኢዝ ኤ ፓንክ ሮከር»፣ እንግሊዝ ላይ በ«ቤቢሲተር» ተተካ። ካርቦና ያለበትን ካገኘሽ ያዢው። ስትገዢ ግን ሸክላውን አስወጥተሽ እዪ፣ ጭረት ካለው ስሙ ብቻ አይዘፍንም።

ከቨርጂኒያ ለሁለት ቀን ወደ ኒውዮርክ እሄዳለሁ። የራሞንስ ነገር የት አያለሁ?

ደስ የሚለው አብዛኛው ነጻ መሆኑ ነው። ባወሪ ከሚባለው ጎዳና ጀምር። ቁጥር 315 ላይ ሲቢጂቢ የሚባል የሙዚቃ ክለብ ነበር። ሂሊ ክሪስታል በ1973 ሲከፍተው ስሙ የካንትሪ፣ የብሉግራስና የብሉዝ ምህጻር ነበር። ከሦስቱ አንዱም እዚያ አልታወቀበትም። ራሞንስ እዚያ መጀመሪያ የተጫወቱት ኦገስት 16 ቀን 1974 ነው። በኦክቶበር 2006 ተዘጋ፤ በኋላ ውድ የወንዶች ልብስ መደብር ገባበት። ሄዶ ማየት ከፈለግህ እይ፣ ግን ልብህ እንዳይሰበር።

ከዚያ ጥቂት እርምጃ ሄደህ ምሥራቅ 2ኛ ጎዳና ጥግ ላይ ቀና በል። «ጆይ ራሞን ፕሌስ» የሚል ታፔላ አለ፣ በኖቬምበር 2003 የተሰቀለ። ጆይ በዚያ ጎዳና ከቬጋ ጋር ኖሯል። ታፔላው በኒውዮርክ በብዛት ከተሰረቁት አንዱ ነው፤ አድናቂዎች እየነቀሉ ይወስዱታል። ከተማው መጨረሻ ላይ ታክቶት ወደ ስድስት ሜትር ከፍ አደረገው። ጆይ ራሱ ወደ ሁለት ሜትር የሚጠጋ ሰው ነበር፣ እሱም አይደርስበትም።

በዚያው ጎዳና ትንሽ ገባ ስትል «አልበርትስ ጋርደን» የሚባል የሰፈር አትክልት ቦታ አለ። የመጀመሪያው አልበም ሽፋን ፎቶ የተነሳው እዚያ ካለው የጡብ ግድግዳ ፊት ነው። ያነሳችው ሮበርታ ቤይሊ የተከፈላት 125 ዶላር ነበር። የሙዚቃ ድርጅቱ ሌላ ፎቶ አንሺ ቀጥሮ ነበር፤ የሱ አልሆነም፣ የሷ ተመረጠ። ከጓደኞችህ ጋር ከሆንክ አራት ሆናችሁ ቁሙ። ማንም አይስቅባችሁም፣ እዚያ የሚመጣው ሁሉ የሚያደርገው ያንኑ ነው።

በሁለተኛው ቀን ባቡር ይዘህ ኩዊንስ፣ ፎረስት ሂልስ ሂድ። የተማሩበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊት ለፊት «ራሞንስ ዌይ» የሚል የመንገድ ስም በኦክቶበር 2016 ተሰይሟል። ጸጥ ያለ ሰፈር ነው። ለዚህ ሁሉ ጩኸት መነሻው ይሄ ነው እንዴ ትላለህ።

አውሮፓ ለምንኖርስ?

በርሊን። ፍሎ ሃይለር የሚባል ጀርመናዊ አድናቂ በ2005 የራሞንስ ሙዚየም ከፈተ። የጀመረው በራሱ ስብስብ ነው፦ ቲሸርቶች፣ ፖስተሮች፣ የኮንሰርት ትኬቶች፣ አባላቱ የለበሱት ጂንስ። ቦታውን ቀያይሯልና ከመሄድሽ በፊት አድራሻውን አጣሪ። በርሊን መሆኑም ያለ ነገር አይደለም። ዲ ዲ እናቱ ጀርመናዊት፣ አባቱ አሜሪካዊ ወታደር ነበሩ፤ ልጅነቱን ያሳለፈው ጀርመን ነው፣ በርሊንንም ጨምሮ።

በየዓመቱ የሚደረግ ዝግጅት አለ?

ሁለት ታዋቂዎች አሉ፤ በሁለት የአሜሪካ ጫፎች።

ኒውዮርክ ላይ በሜይ 19 አካባቢ የጆይ ልደት ይከበራል። የጀመረው በ2001 ነው፣ 50ኛ ዓመቱን ሊይዝ አንድ ወር ሲቀረው ካረፈ በኋላ። ወንድሙ ነው የሚያዘጋጀው። ገቢው ጆይን ለገደለው የሊምፎማ ካንሰር ምርምር ይውላል።

ሎስ አንጀለስ ላይ ደግሞ «ሆሊዉድ ፎሬቨር» በተባለው መካነ መቃብር የጆኒ መታሰቢያ በበጋ ይደረጋል፤ ባለቤቱ ሊንዳ ታዘጋጀዋለች። ሰዉ ሣሩ ላይ ተቀምጦ ፊልም ያያል። ጆኒ የሞተው በፕሮስቴት ካንሰር ስለሆነ ገቢው ለዚያ ምርምር ይሄዳል። ከጃንዋሪ 2005 ጀምሮ የነሐስ ሐውልቱ እዚያ ቆሟል፣ ጊታሩን እንደያዘ። ዲ ዲም የተቀበረው በዚያው ግቢ ነው።

አንድ ያደርጓቸው ይሆን ብለህ አትጠብቅ። ሊንዳ መጀመሪያ የጆይ የፍቅር ጓደኛ ነበረች፣ ኋላ ወደ ጆኒ ሄዳ አገባችው። ከሱ ከተለየች በኋላ ጆይና ጆኒ ከአሥር ዓመት በላይ በአንድ ቫን እየተጓዙ ብዙም ሳይነጋገሩ ኖሩ። እኔ ለማንም አልወግንም፤ ሁለቱም ዝግጅት ጥሩ ነው።

ተመልሰው አብረው ይጫወታሉ?

አራቱም አልፈዋል ወዳጄ። ማርኪ የራሱን ባንድ ይዞ የድሮ ዘፈኖችን ይጫወታል፤ ትኬት ስትገዛ ራሞንስ ሳይሆን የማርኪ ባንድ መሆኑን እወቅ።

ጤና ይስጥልኝ። የ14 ዓመት ልጄ ጊታር ጀምሯል፣ ራሞንስ ራሞንስ እያለ አስቸገረኝ። ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው? ምን ልግዛለት?

እርስዎ አይስጉ። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ ባንድ የለም። ዘፈኖቹ ሁለት ደቂቃ ገደማ ናቸው፣ ሦስት አራት ኮርድ (አንድ ላይ የሚመቱ ድምፆች) ማወቅ ይበቃል። የመጀመሪያው አልበም 14 ዘፈን በ29 ደቂቃ ያልቃል። እውነቱን ለመናገር ግጥሙ አንዳንድ ቦታ ባለጌ ነው፤ ሙጫ ስለ ማሽተት የሚያወራም አለ። አብረው ያዳምጡና ያወሩበት።

ውድ መታሰቢያ አይግዙለት። «ኢትስ አላይቭ» የሚለውን ያስደምጡት፤ በ1977 የዓመቱ መጨረሻ ሌሊት ለንደን ውስጥ በመድረክ የተቀዳ ነው፣ 28 ዘፈን። ሁሉን ተከትሎ መምታት ከቻለ ቀኝ እጁ ዳነ። ከተረፈዎት ቲሸርቱን ይጨምሩለት።

ይህ ሁሉ ቲሸርት ተሸጦ ሀብታም ሆኑ?

በሕይወት ሳሉ፣ ዝናቸውን በሚመጥን መጠን አይደለም። የመጀመሪያው አልበም የተቀዳው በ6,400 ዶላር ነው። የአሜሪካን የወርቅ ሸክላ ማዕረግ፣ ማለትም ግማሽ ሚሊዮን ቅጂ፣ ያገኘው በ2014 ነው፤ ከወጣ 38 ዓመት በኋላ። ከአራቱ ያኔ በሕይወት የነበረው ቶሚ ብቻ ነው፣ እሱም በዚያው ዓመት አረፈ።

አገራቸው ትንንሽ አዳራሽ ውስጥ እየተጫወቱ አርጀንቲና ላይ ግን ሌላ ነገር ነበሩ። በማርች 1996 ቦነስ አይረስ ላይ የሪቨር ፕሌትን የእግር ኳስ ስታዲየም ሞልተዋል። ሆቴላቸውን ልጆች ይከቡት ነበር፣ መኪናቸውን በሩጫ ይከተሉት ነበር። ያ ሁሉ ሕዝብ በኦገስት ሎስ አንጀለስ ላይ የመጨረሻቸውን ሲጫወቱ የለም፤ ፓላስ የሚባል መካከለኛ አዳራሽ ነበር።

ስለዚህ ከደቡብ አሜሪካ የሚመጣ የድሮ ትኬት ወይም ፖስተር ሲያጋጥማችሁ አትናቁት። ሰብሳቢዎች ዓይናቸው ኒውዮርክ ላይ ነው፣ ዋጋውም ገና አልናረም።