ጥያቄና መልስ፦ ፋይል ሲስተምን እስከ ስንት ማሳነስ ይቻላል?

ጥያቄ፦ ቱሉ ዲምቱ ውስጥ የፎቶ ኮፒና የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት አለን። የምንሠራበት ኮምፒውተር ኡቡንቱ የተጫነበት ነው። ባለ500 ጊጋባይቱ ሃርድ ዲስክ እየዘገየ ስላስቸገረን ወደ ባለ240 ጊጋባይት ኤስኤስዲ ልንቀይረው ነው። «ዲኤፍ» በሚለው ትእዛዝ ስናይ የተያዘው ቦታ 61 ጊጋ ብቻ ነው። ፋይል ሲስተሙን (ፋይሎቹ ዲስኩ ላይ የሚደራጁበትን ሥርዓት) ወደ 65 ጊጋ አሳንሰን ብንገለብጠው ችግር አለው? ሰፈራችን መብራት ቶሎ ቶሎ ስለሚጠፋ እሱም ያሳስበናል።

መልስ፦ 65 ጊጋ አይበቃም። ደግነቱ እዚያ ድረስ መውረድም አያስፈልጋችሁም።

«ዲኤፍ» የተያዘ ብሎ የሚነግራችሁ ፋይሎቻችሁ የያዙትን ነው፤ ፋይል ሲስተሙ ለራሱ መዝገብ የሚወስደውን አይጨምርበትም። የኡቡንቱ የተለመደ ፋይል ሲስተም የሆነው ኢኤክስቲ4 ለእያንዳንዱ ፋይል «አይኖድ» የሚባል፣ አብዛኛውን ጊዜ 256 ባይት የሆነ መዝገብ ይይዛል። የአይኖዶቹ ቦታ ፋይል ኖረም አልኖረም ገና ፎርማት ሲደረግ ይመደባል። በተለመደው አሠራር ለ1 ጊጋ 65,536 አይኖድ ይደርሳል፤ ይህ 16 ሜጋ ነው። ለ70 ጊጋ ሲሰላ ከ1 ጊጋ በላይ ለዚህ ብቻ ሄደ ማለት ነው። ጆርናሉም (ለውጦች ከመጠናቀቃቸው በፊት የሚመዘገቡበት ቦታ) ትልቅ ዲስክ ላይ እስከ 1 ጊጋ ሊደርስ ይችላል፣ ፋይል ሲስተሙ ሲያንስ ደግሞ አብሮ አያንስም። የተበታተኑ ፋይሎች ወደ ጠባብ ቦታ ሲገፉ ይበልጥ ሊቆራረጡ ስለሚችሉም ለዚያ የሚሆን ትርፍ ቦታ ይፈለጋል።

ስለዚህ ትንሹን ልክ በግምት አታውጡት። ኮምፒውተሩን በኡቡንቱ ፍላሽ አስነሱ፤ ኢኤክስቲ4 ሥራ ላይ እያለ ማደግ ይችላል፣ ለማነስ ግን ማውንት መሆን፣ ማለትም ለአገልግሎት መያያዝ፣ የለበትም። መጀመሪያ መመርመሪያውን «ኢ2ኤፍኤስሲኬ»ን ከሰረዝና ከትንሹ «ኤፍ» ጋር አሂዱና ፋይል ሲስተሙ ጤነኛ መሆኑን አረጋግጡ። ቀጥሎ ማሳነሻውን «ሪሳይዝ2ኤፍኤስ»ን ከሰረዝና ከትልቁ «ፒ» ጋር ስጡት። ይህ ምንም ሳይነካ ትንሹን ልክ ያሰላል፤ የሚነግራችሁ ግን ፋይል ሲስተሙ ቦታ በሚቆጥርበት አሃድ፣ በብሎክ ነው። ብሎኩ እንደተለመደው 4,096 ባይት ከሆነ 262,144 ብሎክ 1 ጊጋ ነው። ለምሳሌ 17,912,000 ካላችሁ ለ262,144 አካፍሉት፤ 68.3 ጊጋ ይወጣል። ብሎኩ 1,024 ወይም 2,048 ባይት በሆነ ፋይል ሲስተም ላይ ስሌቱ ሊሳሳት ስለሚችል እዚያ አትመኑት።

68.3 ጊጋ ላይ የቆመ ፋይል ሲስተም ግን አፕዴት ማውረጃ ቦታ እንኳ አይኖረውም። ቦታ የግድ ለሚያንሰው ሰው ከትንሹ ልክ ቢያንስ 20 በመቶ ጨምር እንላለን፣ ይህም 82 ጊጋ ገደማ ነው። እናንተ ግን የምትገቡበት ኤስኤስዲ በኮምፒውተሩ አቆጣጠር 223.5 ጊጋ ያህል ይይዛል። ወደ 200 ጊጋ አሳንሱትና ይብቃ። የሚዘዋወረው ከአዲሱ ወሰን ውጪ የቀረው ዳታ ብቻ ስለሆነ፣ ወሰኑ በሰፋ ቁጥር የሚነካው ያንሳል፣ ሥራው ያጥራል፣ አደጋውም ይቀንሳል።

ብዙ ሰው ዳታ የሚያጣው ከዚህ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉ አይገለበጥም፦ መጀመሪያ ፋይል ሲስተሙ፣ ቀጥሎ ፋይል ሲስተሙ የተቀመጠበት የዲስክ ክፍል፣ ማለትም ፓርቲሽኑ። ፓርቲሽኑ ቀድሞ ከተቆረጠ የፋይል ሲስተሙ ጭራ ውጪ ይቀራል። አቆጣጠሩንም ተጠንቀቁ። «ሪሳይዝ2ኤፍኤስ» 200 ጂ ሲባል በ1,024 እያባዛ ይቆጥራል፤ የፓርቲሽን መሣሪያው «ፓርትድ» ግን ጂቢ ሲባል በ1,000 ነው የሚቆጥረው። የመጀመሪያው 200 በሁለተኛው 214.7 ነው። ሁለቱም ቦታ 200 ብሎ የጻፈ ሰው ከመጨረሻው 14.7 ጊጋባይት ቆርጧል። በተጨማሪም የ«ፓርትድ» ማስተካከያ የሚጠይቃችሁ የፓርቲሽኑን ስፋት ሳይሆን ከዲስኩ መጀመሪያ ተቆጥሮ የሚያልቅበትን ቦታ ነው። ፓርቲሽኑን ከፋይል ሲስተሙ 2 ጊጋ አስፍታችሁ ተዉት። ገልብጣችሁ ከጨረሳችሁና አዲሱን ፓርቲሽን እስከ ኤስኤስዲው ጫፍ ካሰፋችሁ በኋላ «ሪሳይዝ2ኤፍኤስ»ን ቁጥር ሳትሰጡት አሂዱት፤ ያለውን ቦታ ራሱ ይሞላል። ሁለቱ ዲስኮች አንድ ዓይነት መለያ ስለሚይዙ አብራችሁ ሰክታችሁ አታስነሷቸው።

መብራቱ ያሳሰባችሁ በትክክል ነው። ይህ ሥራ በጆርናል አይጠበቅም፤ ብሎክ እየተዘዋወረ ሳለ ቢቋረጥ ፋይል ሲስተሙ ሊበላሽ ይችላል። ዩፒኤስ ከሌላችሁ ዲስኩን አውጥታችሁ ባትሪው ደህና በሆነ ላፕቶፕ ላይ ሥሩ፤ በዩኤስቢ የሚሰካ ከሆነ ኃይሉን ከላፕቶፑ የሚያገኝ ማገናኛ ይሁን። ከዚያ በፊት ሥራ ፋይሎቻችሁን ሌላ ዲስክ ላይ አስቀምጡ።

አንድ ነገር ቀድማችሁ እዩ። ዲስኩ እየዘገየ ነው ብላችኋል። የዲስክን ጤና በሚያሳየው «ስማርትሲቲኤል» ስታዩት የማይነበቡ ወይም የተተኩ ሴክተሮች ቁጥር ከ0 በላይ ከሆነ ጨርሶ አታሳንሱት፤ በታመመ ዲስክ ላይ ብዙ ጊጋ እያነበቡ መልሶ መጻፍ የቀረውን ዕድሜ ይጨርሳል። ኤስኤስዲው ላይ አዲስ ኢኤክስቲ4 ፈጥራችሁ ፋይሎቹን በመቅጃው «አርሲንክ» ቅዱ፣ ሲነሳ የሚያያዙት ዲስኮች በተዘረዘሩበት «ኤፍኤስታብ» ፋይል ላይ መለያውን ቀይሩ፣ ሲስተሙን የሚያስነሳውን «ግረብ»ን እንደገና ጫኑ። አሮጌው ሳይነካ ይቆያል።

ጥያቄ፦ ለገጣፎ ካለ ቢሮ ነው የምጽፈው። ሰርቨራችን ላይ 3 ሚሊዮን ያህል ጥቃቅን ፋይሎች አሉ፤ ሁሉም ተደምረው 12 ጊጋ አይሞሉም። ማሳነሻው ፕሮግራም ግን ከ46 ጊጋ በታች አይወርድም አለኝ። ተሳስቶ ይሆን?

መልስ፦ አልተሳሳተም። እርስዎን የያዘዎት የፋይሎቹ ክብደት ሳይሆን ብዛታቸው ነው። ኢኤክስቲ4 ዲስኩን በ128 ሜጋ ክፍሎች ይከፋፍልና በተለመደው አሠራር ለያንዳንዱ 8,192 አይኖድ ይሰጠዋል። ክፍል ሲቀነስ አይኖዶቹም አብረው ይቀነሳሉ። 3,000,000 ለ65,536 ሲካፈል 45.8 ጊጋ ይመጣል፤ ከዚያ በታች ላሉት ፋይሎች የሚበቃ አይኖድ የለም። «ዲኤፍ»ን ከሰረዝና ከትንሹ «አይ» ጋር ቢያሂዱ የተያዙትን አይኖዶች ቁጥር ያዩታል። ይህ መጠን የሚወሰነው ፎርማት ሲደረግ ስለሆነ በኋላ በማሳነስ አይለወጥም። ወይ የቆዩትን ፋይሎች በ«ታር» አንድ ላይ ጠቅልሏቸው፣ ወይ ዳታውን ሌላ ቦታ አስቀምጠው «ኤምኬኤፍኤስ»ን ለ1 አይኖድ 4,096 ባይት ብለው እንደገና ፎርማት ያድርጉ።

ጥያቄ፦ ቡራዩ ነኝ። ላፕቶፔ ዊንዶውስ ነው። ሲ ድራይቭ ላይ 180 ጊጋ ባዶ ቦታ እያለ ማሳነሻው 4 ጊጋ ብቻ ፈቀደልኝ። ለምን?

መልስ፦ የዊንዶውስ ማሳነሻ መንቀሳቀስ የማይችል ፋይል ያለበትን ቦታ አልፎ አይቆርጥም። ብዙውን ጊዜ መንገድ የሚዘጉት የሃይበርኔሽኑ ፋይል፣ የፔጅ ፋይሉና የሲስተም ሪስቶር ቅጂዎች ናቸው። የትኛው እንደሆነ በኢቨንት ቪወር የአፕሊኬሽን መዝገብ ውስጥ ቁጥሩ 259 የሆነው መልእክት በስም ይነግርዎታል።

በአስተዳዳሪ መብት ትእዛዝ መስጫውን ይክፈቱና «ፓወርሲኤፍጂ» ብለው ከወደፊት ዘንባላ መስመርና «ኤች» ቀጥሎ «ኦፍ» ይጻፉ፤ ይህ ሃይበርኔሽኑን ያጠፋል። ፔጅ ፋይሉን ያጥፉ፣ ሲስተም ፕሮቴክሽንን ይዝጉ፤ የኋለኛው የቆዩ የመመለሻ ነጥቦችን እንደሚያጠፋ ይወቁ። ኮምፒውተሩን እንደገና አስነስተው ያሳንሱ፣ ከዚያ ሁሉንም ወደነበረበት ይመልሱ። ለዊንዶውስም ቢያንስ 30 ጊጋ ባዶ ቦታ ይተዉለት፤ ትላልቆቹ አፕዴቶች ይፈልጉታል። ከሊኑክስ ፍላሽ ሆነው ሊያሳንሱ ካሰቡ ሃይበርኔሽኑ መጥፋቱ የግድ ነው፤ የዊንዶውስ የዲስክ ምስጠራ ቢትሎከር ከበራ ደግሞ መጀመሪያ ይፍቱት።

ጥያቄ፦ ከሰበታ። ኤክስኤፍኤስ በሚባለው ሌላ የሊኑክስ ፋይል ሲስተም ላይ ይኸው ማሳነስ ይሠራል?

መልስ፦ አይሠራም። ኤክስኤፍኤስ ያድጋል፣ በተግባር ግን አያንስም። አነስ ያለ አዲስ ፋይል ሲስተም ፈጥረው ዳታውን በ«ኤክስኤፍኤስደምፕ»ና በ«ኤክስኤፍኤስሪስቶር» ያዛውሩ፤ የድሮውን ከማጥፋትዎ በፊት አዲሱ ላይ ያለውን ከፍተው ያረጋግጡ።