ክብደቷ እስኪቀንስ ልጠብቅ ወይስ ላስመርምራት?

የ14 ዓመት ልጅዎ ክብደቷ እየጨመረ መምጣቱንና የወር አበባዋን ካየች አራት ወር እንዳለፋት ገልጸው፣ ክብደቷ እስኪቀንስ ይጠብቁ ወይስ ሐኪም ዘንድ ይውሰዷት እንደሆነ ለጠየቁት፣ በልጄ ካየሁት ተነስቼ የምመልሰው «አይጠብቁ» ብዬ ነው።

እኔ ጠብቄ ነበር። ልጄ በ15 ዓመቷ የወር አበባዋ በሁለትና በሦስት ወር አንዴ ይመጣ ነበር፤ ሲመጣም ከአሥር ቀን በላይ ስለሚፈሳት ፊቷ ገርጥቶ ደረጃ መውጣት ያቅታት ጀመር። ማጅራቷ ላይ የወጣውን ጥቁረት ደግሞ እድፍ መስሎኝ ቆዳዋ እስኪላላጥ ፈትጌዋለሁ፤ አንገቷን ደፍታ ዝም ማለቷ ዛሬም ያመኛል። ሐኪሟ ግን ገና እንዳየችው፣ ሰውነቷ የደም ስኳርን ለሚቆጣጠረው ሆርሞን ለኢንሱሊን በሚገባ ምላሽ አለመስጠቱን የሚጠቁም ምልክት መሆኑን ነገረችን።

ውፍረትና የወር አበባ የሚገናኙት በአብዛኛው በዚሁ በኢንሱሊን በኩል ነው። ቆሽት ለማካካስ አብዝታ የምታመነጨው ኢንሱሊን ኦቫሪ (እንቁላል የሚያመነጨው የሴት አካል) በተለምዶ የወንድ የሚባሉትን ሆርሞኖች ከልክ በላይ እንዲያመርት ያደርጋል፤ ስብም ከእነዚሁ ሆርሞኖች ኤስትሮጅን የተባለውን የሴት ሆርሞን ይሠራል። በዚህ የተነሣ እንቁላል በጊዜው ሳይለቀቅ ይቀራል፤ የማህፀን የውስጥ ሽፋንም ለወራት ሲወፍር ቆይቶ በመጨረሻ ሲፈርስ ደሙ ይበዛል። በአንዳንዶቹ ላይ ብጉርና የአገጭ ጠጉር ይከተላል።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የወር አበባ መዛባት የተለመደ ቢሆንም፣ ከ90 ቀን በላይ ከቀረ መመርመር አለበት። ለልጄ የደም ማነስ፣ የታይሮይድ፣ የፕሮላክቲን (ጡት ወተት እንዲያመነጭ የሚያደርገው ሆርሞን)፣ የስኳርና የእርግዝና ምርመራ ታዘዘላት። የመጨረሻው ሲነሣ ተቆጥቼ ነበር፤ ነገር ግን የወር አበባ ለቀረባት ሁሉ የሚደረግ እንጂ ጥርጣሬ አይደለም። ለብቻዋ ሊያነጋግሯት ከፈለጉም ይፍቀዱ፤ የእኔዋ ደሙ ልብሷን አልፎ እንዳያሳፍራት ከክፍል ትቀር እንደነበር የተናገረችው እኔ ስወጣ ነው። በአልትራሳውንድ ብቻ «ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ አለባት» (የወር አበባን የሚያዛባ የሆርሞን ችግር ነው) ቢባሉ ደግሞ ሌላ ሐኪም ያማክሩ፤ በዚህ ዕድሜ ብዙ የእንቁላል ከረጢቶች በጤነኛ ልጃገረዶችም ላይ ይታያሉ።

ለልጄ የአይረን እንክብልና የወር አበባዋን የሚያስተካክል የሆርሞን መድኃኒት ተሰጣት፤ ስለ ክብደቷ የተነጋገርነው ከዚያ በኋላ ነው። ከክብደት ከ5 እስከ 10 በመቶ መቀነስ እንኳ የብዙዎችን ዑደት ያሻሽላል። ለብቻዋ ምግብ መከልከል ግን እኔም ሞክሬው ተደብቃ ከመብላት በቀር ያመጣው ነገር የለም፤ የጠቀመን መላው ቤተሰብ አመጋገቡን መለወጡና በየምሽቱ አብረን መራመዳችን ነው። ለቀጠሮው የወር አበባዋ የመጣባቸውንና የቆመባቸውን ቀኖች ጽፈው ይያዙ፤ እኛ ስንጠየቅ በግምት ነበር የመለስነው።